ባለ ጉልላቷ መኪና፣ ከጋይንት እስከ እስቴ

ከደብረ ታቦር የወጣነው ጥምቀት አልፎ የሰው ጉሮሮ ገና ከጭፈራው ሳያገግም ነው። ስማዳ፣ ወገዳ ያለው ወፍጮ ቺንጋው፣ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያያይዘው የጎማ ቀበቶ፣ ተበጥሶ ቆሟል፤ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ያለው ደግሞ እንደ አሮጌ ሽማግሌ ይስላል ተብሎ ተልኮብናል። ከስማዳ የመጣው መልእክተኛ እንደነገረኝ ከሆነ አገሩ በሙሉ ስንዴውን ሳያስፈጭ ሲቆረጥም ከርሞ ጥርስ የቀረው ሰው የለም። እኔ መካኒክ ነኝ። ማጋነን የእኔ ድርሻ ሆኖ ሳለ ሌላ ሰው ሲቀድመኝ ቅር ቢለኝም፣ አዲሱን ቺንጋ ጠቅልዬ፣ መፍቻዎቼን በከረጢት ከትቼ ተነሣሁ።

ሾፌሩ ታደሰ ይባላል፤ የታናሽ እህቴ የዘውዴ ባል ነው። መኪናችን ድሮ ፎልክስ ነበረች። ባለፈው ዓመት ታደሰ ጋሳይ አጠገብ ገለበጣትና ጣሪያዋ እንደ ቂጣ ተጋድሞ ቀረ። እሱ ግን በሩ ተከፍቶ ባቄላ ማሳ ውስጥ ተወረወረና ልብሱን አራግፎ ተነሣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውን የሚያድነው ከመኪና መወርወር ነው ብሎ ያምናል። እኔ የተጨፈለቀውን አካሏን ገፍፌ ጣልኩት፤ የቀራት የሥር አጽሟ ሻንሲው፣ ከኋላ ያለው ሞተርና ሁለት ወንበር ነው። በር የላት፣ ጣሪያ የላት፣ መስታወት የላት። ስትሄድ ስለምትዘል አንበጣ አልናት።

ዘውዴ ወሯ ገብቷል ባይባልም ሆዷ ከፊቷ ቀድሞ ከቤት ይወጣል። የጉዞውን ወሬ ስትሰማ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። መዶሻዬን ከእጄ ተቀብላ መሬት ላይ አስቀመጠችና፣ «አያ ሞላ፣ ልጄ አባቱን በፎቶግራፍ እንዲያውቀው አልፈልግም። ሙሉውን ካልመለስክልኝ ደጄ እንዳትቆም» አለችኝ። እንግዲህ ወፍጮውም ቺንጋውም ሰበብ ነው፤ በዚህ ጉዞ የተጫነብኝ ዕቃ ታደሰ ነበር።

ስለዚህ የውኃ ቧንቧ አጥፌ፣ ከሾፌሩ ኋላ አንድ ቀስት፣ ከፊት አንድ ቀስት አቁሜ፣ በላይ በኩል አግድም አግዳሚ ሰጥቼ በጋዝ በየድኩት። መኪናዋ ብትገለበጥ ምድር የሚነካው ቧንቧው እንጂ የሰው ጭንቅላት እንዳይሆን ነው። ከአሮጌ የወፍጮ ቺንጋ ደግሞ ሁለት ማሰሪያ ቆርጬ፣ የበቅሎ ኮርቻ ዘለበት አድርጌላቸው፣ ከየወንበሩ ሥር ከሻንሲው ጋር በቡሎን አጠበቅኋቸው። አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለታደሰ። የእኔን ታጠቅሁ። ታደሰ የራሱን አንሥቶ አየና ተቀመጠበት።

ጉና ላይ

የጉና ብርድ ሌባ ነው። ሞተሩ ከኋላችን ስለሆነ ወደ ኋላ ዞሬ እጄን ሳሞቅ ስለሄድኩ፣ ላይ ጋይንትን መጀመሪያ ያየው ጀርባዬ ነው። መንገዱ መንገድ ከተባለ የበቅሎ ዱካ ነው፤ አልፎ አልፎ የጭነት መኪና ያለፈበት ጎድጓዳ አለ፣ እሱንም ክረምት ቦርቡሮታል። ገብሱ ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል፤ በየአውድማው በሬዎች ይዞራሉ፤ ነፋሱ ገለባውን አንሥቶ ፊታችን ላይ ይበትነዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተዋልኩ፣ አልወደድኩትምም። ታደሰ ድሮ ድንጋይ ሲያይ ፍሬን የሚይዝ፣ ቦይ ሲያይ ወርዶ በእግሩ የሚለካ ሰው ነበር። አሁን ያው ሰው ቧንቧውን በመዳፉ መታ መታ ያደርግና «ብረት አለን» ብሎ ነዳጁን ይረግጣል። አንድ ቦታ ላይ አንበጣ ከመሬት ተነሥታ በአየር ላይ ስለቆየች አንድ አባታችን ሆይ ጀምሬ ጨርሻለሁ። ለደኅንነቱ ብዬ የሠራሁት ብረት ሰውየውን ጀግና አደረገብኝ።

ንፋስ መውጫ

ከተማው የደረስነው ገበያው ሞቅ ብሎ ሳለ ነው። አንድ ጠብመንጃ ያነገተ ነጭ ለባሽ አስቆመንና መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞራት። ከዚያ በትሕትና፣ መኪናዋ ገና እየተሠራች ነው ወይስ አልቃ ነው ብሎ ጠየቀን። ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ አላት አልኩት፤ አሳለፈን።

ምሳ የበላነው ሐጂ ኑሩ ሱቅ ፊት ለፊት ነው፤ ሽሮ በሃምሳ ሳንቲም፣ በርበሬው ሰው የሚያስለቅስ። ሐጂ ኑሩ ጨርቅ፣ አሞሌና የላምባ ጋዝ የሚሸጡ፣ የከተማውን ሰው ሁሉ በአያቱ ስም የሚያውቁ ነጋዴ ናቸው። ታደሰ ስለ ብረቱ ሲያወራላቸው ጢማቸውን እየዳሰሱ ሰሙት። እኔ ደግሞ ቀልድ ሳይነካኝ ምሳ አይፈጭልኝም። አፈ ሰፊ ቅል ከሐጂ ተዋስኩ፣ ከአንዲት ገበያተኛ ሁለት እንቁላል ገዛሁ። አንዱን እንዲሁ ቅሉ ውስጥ ጨምሬ፣ አፉን በጨርቅ አስሬ፣ በቁልቁለቱ ላይ ለቀቅኩት። ገበያው መንገድ ለቀቀለት። ስንከፍተው ውስጡ ለጥብስ ዝግጁ ነው። ሁለተኛውን እንቁላል ግን በጭድ ጠቅጥቄ፣ እንዳይነቃነቅ አጥብቄ ለቀቅኩት። ቅሉ ዘለለ፣ ተንከባለለ፣ የአንዲት ሴት ሽንኩርት በተነ። ስንከፍተው እንቁላሉ እንደ ተጣለበት ቀን ሙሉ ነው።

ሐጂ ኑሩ ወደ ታደሰ ዞሩ። «የትኛው እንቁላል ነህ አንተ?»

«እኔ እንቁላል አይደለሁም፣ ሐጂ።»

«እሱም እንደዚሁ ይል ነበር፤ አፍ የለውም እንጂ።»

ገበያው ሳቀ። ታደሰም ሳቀ። ከዚያ ቅሉን አንሥቶ ለሰው አሳየና፣ «ቅሉ ግን ሁለቱንም ጊዜ አልተሰበረም!» አለ። ወደ መኪናው ሲመለስ ከበፊቱ ይበልጥ ተማምኖ ነበር። ሽንኩርቷ ለተበተነባት ሴት ለቅሜ መለስኩላት፤ ሐጂ ቅላቸውን ማጠብ የእኔ ሥራ መሆኑን አልዘነጉም።

ቤተ ልሔም ደጅ

ከንፋስ መውጫ ወደ ታች ጋይንት ሲወረድ አየሩ ይሞቃል፤ ጥቁሩ አፈር ይቀላል። የድጓው ደብር ቤተ ልሔም አጠገብ ስንደርስ ሞተሩ ስለጋለ በዛፍ ጥላ ሥር አቆምን። የድጓ ተማሪዎች የቃል ትምህርታቸውን እያንጎራጎሩ ወጡና ከበቡን። መጨረሻ ላይ መምህራቸው መጡ፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ግን ገደል የሚያሻግር ሰው። መስቀል ተሳልመን ቆምን።

ብረቱ ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔም ስንገለበጥ እንዳያደቅቀን ነው፣ የኔታ፣ ብዬ አስረዳኋቸው፤ ቧንቧው ስንት ዝሆን እንደሚሸከምም ጨመርኩበት። ቧንቧውን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ለመውደቅ ተሰናድታችሁ ነዋ የመጣችሁት» አሉ።

ታደሰን ቀስ በል ብለው ባረኩት፤ እሱም አሜን አለ። ከአጸዱ እስክንወጣ ድረስ ቀስ አለ።

ወደ ወገዳ

ስማዳ የታደሰ የትውልድ አገር ነው። ወገዳ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ገበያተኛው በመንገዱ ላይ በዝቶ ስለነበር በሰው እርምጃ እንሄዳለን። እኔ ታጥቄ እንደ ከረጢት ተቀምጫለሁ። አሁንስ ታጠቅ፣ ዘውዴ ካወቀች ቆዳዬን ገፍፋ ትጥልብኛለች ስለው፣ ስለ ባቄላው ማሳ እንደሚያወራ ጠብቄ ነበር። አላወራም። መሪውን ይዞ ወደ ፊት እያየ ነው የተናገረው።

«አያ፣ አንተ ታስረህ ብትገባ ሞላ ቀለደ ይሉሃል። እኔን ግን ማን አሰረው ነው የሚሉት። አባቴን ከከሳሹ ጋር የነጠላቸውን ጫፍ ቋጥረው፣ በቁራኛ ይዘውት፣ በዚህ ገበያ መሐል ሲያልፍ አይቻለሁ። ሰው ምስሩን መስፈር ትቶ አየው። ኋላ በነፃ ተለቀቀ፤ ሲለቀቅ ግን ማንም አላየውም።»

ዘለበቴን ፈታሁና እኔም ማሰሪያዬ ላይ ተቀመጥኩ።

ያረፍነው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የታደሰ የእናቱ ወንድም ከሆኑት ከጭቃ ሹም ገላው ቤት ነው። ሰፊ አውድማ፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀለ ጋሻ፣ ዕድሜው ከእኔ የሚበልጥ የሚመስል ጠላ። ማታ ጎረቤቱ ተሰበሰበና ስለ አንበጣ ጠየቀ። ስሟን ስነግራቸው አንዲት አሮጊት አማተቡ፤ የአንበጣን ነገር ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። ብረቱስ ምንድን ነው አሉኝ። እኔ ደግሞ ጠላው አፌን አላልቶት ነበር፤ ቤታችን ናት፣ እንደ ኤሊ ተሸክመናት እንዞራለን፣ የመሸበት እናድርባታለን፣ ማገሯን ጨርሰን ክዳን የሚከድንልን ዘመድ ብቻ አጣን አልኳቸው። ያልሳቁት ጭቃ ሹም ብቻ ነበሩ። ይኼን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ የገባኝ ግን በማግሥቱ።

በማግሥቱ መኪናዋን አውድማው ላይ ትተን በእግራችን ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄድን። ቺንጋውን ስናጠልቅ፣ ሞተሩን ስናስተካክል ዋልን። ሲነሣ ከደጅ የተሰለፉት ሴቶች እልል አሉ፤ ታደሰ በዱቄት ነጥቶ የተነሣ ሙት መስሏል። ወደ ማታ ተመለስን።

አውድማው ላይ አንበጣ የለችም። በቦታዋ አንዲት ጎጆ ቆማለች።

ዞርን። ከጎጆዋ ሥር አራት ጎማ ይታያል። በቧንቧዎቼ ላይ ወጋግራ ተጋድሟል፣ ማገር ተማግሯል፣ በጠፍር ጥርቅም ተደርጎ ታስሯል፤ በዚያ ላይ ሰንበሌጥ እንደ ጋቢ ወፍሮ ተከድኗል። የጣሪያው ጠርዝ ከሾፌሩ ትከሻ በታች ወርዷል፤ ከፊት ለፊት ብቻ ለማየት ያህል በማጭድ ተስተካክሎ ተቆርጧል። ጫፉ ላይ ደግሞ ጉልላት አለ፤ እውነተኛ፣ የሸክላ፣ ማንኛውም ባለ ትዳር ቤቱ ላይ የሚያኖረው ዓይነት። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ወጥቶ በደቦ ሲሠራ ውሏል፤ አሁን በረድፍ ተቀምጦ ይጠጣል።

ጭቃ ሹም ገላው በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «የእህቴ ልጅ ክዳን በሌለው ቤት አገር ላገር ሲዞር፣ እኔ በማን ፊት እቆማለሁ?» አሉ። «ነገ ጊዮርጊስ ነው፣ ሥራ የለም። ለዛሬ አደረስነው። ጉልላቱን ባለቤቴ ናት የሰጠችው።»

ታደሰ እኔን አየኝ። እኔ ጉልላቱን አየሁ። ሰው ቤት ሠርቶልህ፣ ቤት አይደለም ቀልድ ነው ብለህ አፍርሰህ የምትሄድበት አገር የት እንዳለ አላውቅም፤ ስማዳ ግን አይደለም። እግዜር ይስጥልን ብለን ቁጭ አልን። አንድ ጎረምሳ ዝናብ ቢመጣ ጠብ አይልባችሁም አለኝ። ጥር ነው፣ ደመና ከአገር ከወጣ ሰንብቷል፤ ቢሆንም አመሰገንኩት።

ቁልቁለቱ

በማግሥቱ ማልደን ወጣን። የሰፈሩ ሰው እስከ ወንዙ ድረስ ሸኘን፤ ከኋላ ሲታይ ሙሽራ የሚሸኝ እንጂ መካኒክ የሚሸኝ አይመስልም። ጎጆዋ ውስጥ ጥላ አለ፣ የሰንበሌጥ ሽታ አለ። ከውጭ የሚያየን ሰው ሣር እንጂ ሰው አያይም።

ገበያው አጠገብ ስንደርስ ከጎኔ የዘለበት ቀጭ ማለት ሰማሁ። ቀስ ብዬ በዓይኔ ጥግ አየሁ። ታደሰ ማሰሪያውን ከሥሩ አውጥቶ ታጥቋል። ቶሎ ብዬ ወደ ሌላ አየሁና ስለ አንድ ባሕር ዛፍ ብዙ አወራሁ። የራሴንም ታጠቅሁ። ክዳኑ ስለከበዳት ይሁን ሌላ እንጃ፣ ያን ዕለት ፍጥነቱንም ቀንሶ ነበር።

ወደ እስቴ የሚያሻግረው ቁልቁለት በተራራ ወገብ ላይ የተጫረ ጭረት ነው። በግራ ገደላ ገደል፣ በቀኝ ዝቅ ያለ፣ የታጨደ የገብስ ማሳ። መሐሉ ላይ የመንገዱ ጠርዝ ከኋላ ጎማችን ሥር ተንዶ ሄደ። ታደሰ መሪውን ወደ ማሳው ጠመዘዘ፤ አንበጣ ዘንበል አለች፣ ያ ሁሉ ክዳን ጎተታት፣ ሰማይና ምድር ቦታ ተለዋወጡ። እኔ ሰባት ጊዜ ተንከባለልን እላለሁ። ታደሰ አንድ ጊዜ ተኩል ነው ይላል። ግማሿን እተውለታለሁ።

ስንቆም ተዘቅዝቀናል። ሣሩ ከራሳችን በታች ነው፤ እኛ ከወንበራችን ላይ እንደ ሌሊት ወፍ ተንጠልጥለናል። ሞተሩ ጠፍቷል። የሆነ ቦታ ነዳጅ ጠብ ጠብ ይላል። የመጀመሪያ ሐሳቤ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የዘውዴ ደጅ ነበር።

«ታደሰ፣ አለህ?»

«አለሁ አያ። ሁሉ ነገሬ አለ» አለ። ወደ ጎኑ ዞሮ አየ። «ቢወረውረኝ ኖሮ ከሥሯ ነበርኩ።»

አንገቴን አጥፌ አየሁ። የእሱ ወገን የነበረው የጣሪያው ጠርዝ ድንጋይ ላይ ተፈጥፍጦ ተጨፍልቋል፤ ሰው ወጥቶ ቢሆን የሚያርፍበት እዚያ ነው። ቧንቧው ብቻ ቆሟል። ስንቱን ዝሆን እንደቻለ አልቆጠርኩም።

ቀስ ብለህ፣ እጅህን አስደግፈህ፣ ከዚያ ፍታው ልለው አፌን ስከፍት ዘለበቱ ቀጭ አለ። ታደሰ በራሱ ቁልቁል ወርዶ ግንባሩን አግዳሚው ቧንቧ ላይ አሳረፈ። ያን ጊዜ የተናገረውን ቃል እዚህ አልጽፈውም፤ የቤተ ልሔም የኔታ ያነቡት ይሆናል።

ከላይ የሰው ድምፅ መጣ። ከጸሎት የሚመለሱ ሰዎች ናቸው፤ ሴቶቹ ደረታቸውን ይዘዋል። አንድ ሽማግሌ ቄስ ወደ ማሳው ወርደው፣ ጎጆዋን ተገልብጣ አይተው ቆሙ። «በዚህ ቁልቁለት ላይ ቤት የሠራው ማን ነው?» አሉ በቁጣ። «አሁን በውስጡ ሰው ቢኖርስ?»

«አለን፣ አባቴ» አለ ታደሰ ከሣሩ ውስጥ።

አማተቡ። ከዚያ ግን ለመቆጣት ጊዜ አላባከኑም፤ ወንዶቹን ጠርተው፣ ነዳጅ ስለፈሰሰ እሳት የያዘ እንዳይጠጋ አዝዘው፣ በግንድ እየፈነቀሉ አንበጣን በእግሯ አቆሟት። አንዱ ቧንቧ ትንሽ ጎብጧል፤ ብየዳዬ ግን አልተላቀቀም። ሰው እያየኝ ብየዳውን ሳምኩት። ክዳኑ ተበትኗል፤ ሣሩን ለበሬዎቻቸው ሰጠናቸው። ጉልላቱ ስብርብሩ ወጥቷል። ከጉዞው የሞተው እሱ ብቻ ነው፣ ነፍሱን ይማር። ክዳኑ ይሁን የገለበጠን፣ ወይስ እንደ ፍራሽ ሆኖ ያተረፈን፣ እስከ ዛሬ እንከራከራለን። ለጭቃ ሹም ግን ስለ መጀመሪያው አልነግራቸውም።

እስቴ

ሞተሩን አስነሥተን መካነ ኢየሱስ የገባነው ራቁታችንን ነው፤ ሣር የለ፣ ጥላ የለ። የከተማው ሰው በሙሉ ያየናል። ወደ ገበያው ስንጠጋ፣ ዳግም የታጠቀው ታደሰ ፍሬን ይዞ ማሰሪያውን እንዲፈታ ጠብቄ ነበር። አልያዘም፣ አልፈታም። አንድ በግ የሚጎትት ሰው ጠጋ ብሎ አየውና ወደ እኔ ዞሮ፣ ምን አድርጎ ነው የታሰረው አለኝ። ልመልስ ስል ታደሰ ቀደመኝ።

«የሰው አደራ ነኝ» አለ። «ሚስቴ ደኅና ግቡ ብላ ነው የላከችኝ።»

ሰውየው ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ ትክክል ነው እንደማለት፣ በጉንም እየጎተተ አለፈ። ምስሩም መሰፈሩን አላቆመም።

ወፍጮው የሚስለው የአየር ማጣሪያው ዱቄት ጠጥቶ ነበር፤ አጠብኩት፣ ተሻለው። ታደሰ ባለ ወፍጮው ያቀረበልንን ማር በልቶ ጨረሰ፤ እኔም ረዳሁት።

ደብረ ታቦር፣ የዘውዴ ደጅ

ስንደርስ ዘውዴ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ሰላም አላለችንም። ታደሰን ከመኪናው አስወርዳ፣ እጁን አነሣች፣ አጠፈች፣ ጀርባውን ዳሰሰች፣ አገጩን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችው። በግ ስትገዛ እንኳ እንዲህ አትመረምርም። ግንባሩ ላይ ያለው ሎሚ የሚያህል እብጠት ጋ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አያ፣ ይኼስ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ነብር ነው እላት ነበር። «ከተፈታ በኋላ ያገኘው ነው» አልኳት። «ታስሮ ሳለ ምንም አልነካውም።» እንዴት እንደተገለበጥን ነገርኳት፤ አንድ ጊዜ ተኩል ብዬ ነው የነገርኳት፣ ቁጥሩን እንኳ አላሳደግኩም። ታደሰ ስለ ማሰሪያውና ስለ ገበያው ራሱ ነገራት፤ ስለ አባቱ ግን እሷ ቀድሞውንም ታውቅ ኖሯል።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ረጅም አይደለም። ብረት መሥራት ቀላል ነው፤ ብረቱ መኪናዋን ያድናል። ሰውየውን ከብረቱ ጋር የሚያቆየው ግን ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ደግሞ በጋዝ አይበይዱትም።

ዘውዴ ሰምታ ስትጨርስ ወደ አንበጣ ሄደች። የጎበጠውን ቧንቧ በጣቷ ነካች፣ በማገሩ ጠፍር ሥር የቀረችውን አንዲት ዘለላ ሰንበሌጥ መዘዘች። ከዚያ ወገቧን ይዛ በእኔ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ማሰሪያውን አነሣች። በሆዷ ላይ ሳበችው። ዘለበቱ አልደረሰም፤ አንድ ስንዝር ይቀረዋል። ደግማ ሳበችው።

«አያ፣ ይኼን አስረዝመው» አለችኝ። «የምጥ ቀን በዚህች ነው የምሄደው።»

ቺንጋ ላመጣ ተነሣሁ።